የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ «ኢን» ሁሉ አፍራሽ አይደለም

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ የእንግሊዝኛ ባዕድ መነሻዎች። አብዛኞቹን አባላቱ በአማርኛ ያውቋቸዋል። «ፀረ ተባይ» የሚል ተማሪ «አንቲ» አይከብደውም፤ «ቅድመ ክፍያ» «ፕሪ»ን፣ «ድኅረ ምረቃ» «ፖስት»ን ያስረዳል። ከግዕዝ የወረስነው የ«ኢሰብአዊ» «ኢ» ደግሞ የ«ኢን» አቻ ነው።

ጊዜ የፈጀው ይኸው «ኢን» ነው። «ፖሲብል» «ኢምፖሲብል»፣ «ሊጋል» «ኢሊጋል»፣ «ሬጉላር» «ኢሬጉላር» ይሆናል። ተማሪዎች የተለያዩ መነሻዎች ይመስሏቸውና ለየብቻ ሊሸመድዷቸው ይሞክራሉ። መነሻው ግን አንድ ነው። እኛም «ወንበር» ብለን ጽፈን ስናነበው «ወምበር» እንላለን፤ «በ» ከንፈር ስለሚያስገጥም «ን»ም አብሮት ይገጥማል። በ«ፒ»፣ በ«ቢ»ና በ«ኤም» ፊት «ኤን» ወደ «ኤም» የሚዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። ያላመነ በእጅ መስታወት ከንፈሩን እያየ ይሞክረው። እንግሊዝኛ የሚለየው ለውጡን በጽሑፍም ማሳየቱ ነው። «ኢሊጋል» ሁለት «ኤል» የያዘው አንዱ የመነሻው፣ ሌላው የቃሉ ስለሆነ ነው። አንዱን መጣል እስከ ሰኔ ድረስ ያላቆመ ስህተት ነው።

ሌላው ወጥመድ «ኢንፍላመብል» ነው። «የማይቀጣጠል» ይመስላል፤ ፍቺው ግን «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ነው። እዚህ ያለው «ኢን» አፍራሹ ሳይሆን «ውስጥ» የሚል ፍቺ ያለው ሌላው የላቲን «ኢን» ነው። ስህተቱ እሳት ስለሚያስከትል በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ፍላመብል» ይመረጣል።

«አን» ቅጽል ላይ ሲገባ ያፈርሳል፤ እንደ «ታይ» እና «ሎክ» ያለ ግሥ ላይ ሲገባ ግን የተደረገውን ይመልሳል። ስልክ «አንሎክ» ማስደረግ ማለት የተቆለፈውን ማስከፈት እንጂ አለመቆለፍ አይደለም። ይህን ማንም አልተሳሳተም፤ የሞባይል ቤቶች ቀድመው አስተምረዋል።

ካርዶቻችን የኤፎር ወረቀት ስምንተኛ ናቸው። ፊት ለፊት ቃሉ፣ ከጀርባ መነሻው፣ ቀሪው ክፍልና ፍቺው ይጻፋል። ከመጻፉ በፊት መነሻውን በጣት ሸፍኖ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፦ የቀረው ራሱን የቻለ ቃል ነው? ፍቺውስ ከሙሉው ቃል ጋር ይዛመዳል? «አንክል» (አጎት) በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። «ሪድ» (ማንበብ) ተንኮለኛ ነው፤ «ሪ» ሲነሳ «አድ» ይቀራል፣ እሱም «ማስታወቂያ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል ነው፤ የሚይዘው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ፈተናው ግን ፍጹም አይደለም። «ሪሲቭ» እውነተኛ መነሻ አለው፤ ቀሪው «ሲቭ» ግን በእንግሊዝኛ ብቻውን አይቆምም። እንዲህ ያለው ወደ መዝገበ ቃላት ይሄዳል።

«ባይ»ን በተመለከተ፣ «ባይአኑዋል» በዓመት ሁለቴ፣ «ባይኤኒያል» በሁለት ዓመት አንዴ ነው። «ባይዊክሊ» በሁለቱም መንገድ ስለሚነገር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባትጽፉት ይሻላል፤ «በሳምንት ሁለቴ» ብሎ መዘርዘር ይቀላል።

ካርዶቹ በመነሻ ተደርድረው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል። ጠርዛቸው በቀይ የተሰመረው እንደ «አንክል» መነሻ የሚመስሉት ናቸው፤ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሏቸው።