ደሴና ኮምቦልቻን በአንድ መስመር አትጻፉብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካው የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ስለ ቲሮስ 1፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ግን «ዝናብን ከሰማይ የተነበየ» የምትለዋ ነገር ከነከነችኝ።

ቲሮስ ዝናብ አላየም፤ ያየው ደመና ነው። ትንበያውን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፣ እሱ ፎቶ ነው ያቀበላቸው። መጋቢት 23 ቀን 1952 ዓ.ም ከኬፕ ካናቬራል ሲወነጨፍ ክብደቱ 120 ኪሎ ገደማ ነበር። የያዘው ሁለት የቴሌቪዥን ካሜራ ነው፤ አንዱ ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሌላው ጠበብ አድርጎ ቀረብ ያደርጋል። እያንዳንዱ ካሜራ 32 ፎቶ የሚይዝ የራሱ ቴፕ ነበረው፤ መቀበያ ጣቢያው ጋ ሲደርስ የቀዳውን ያራግፍና እንደገና ይጀምራል (የኛ ቤት የካሴት ቴፕ ነው ትዝ ያለኝ)። አቅጣጫው እንዳይዛነፍ እንደ እንዝርት ስለሚሾር፣ ምድርን ሲዞርም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያይ፣ ካሜራው ብዙውን ጊዜ ባዶ ሰማይ ላይ ያፈጥ ነበር። ሌሊትማ ጭራሽ አያይም። ሙቀትን የሚለካው የኢንፍራሬድ መሣሪያ የመጣው በቲሮስ 2 ነው። እንዲያም ሆኖ በ78 ቀን ከ22 ሺህ በላይ ፎቶ ልኳል፤ ቀላል አይደለም።

ይህን የጻፍኩት በበርበሬ ምክንያት ነው። በቀደም ስልኬ «ደሴ፦ ፀሐያማ» አለኝ። እናቴ በርበሬዋን ሰሌን ላይ ዘረጋች። አምስት ሰዓት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወረደ፣ ወዲያው ማካፋት ጀመረ። ሰሌኑን በአራቱም ጫፍ ይዘን ስንሮጥ ግማሹ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ጋ ስደውል «እዚህማ ፀሐዩ አናት ይበሳል» አይለኝም! 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት እኮ። ግን በዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፤ መንገድ ላይ ነው ጃኬት የሚወልቀው።

ዛሬ የአውሮፓው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሜቴኦሳት ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ያነሳናል፣ የደመናውን አናት ሙቀትም ይለካል። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ዝናብ አለው ተብሎ ይገመታል። የተራራ ጉም ግን ዝቅ ያለ ነው፣ አናቱም ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ ስለዚህ እኛ ላይ እያካፋ ከላይ ሲታይ ደረቅ ልንመስል እንችላለን። ይህን የሚያርመው መሬት ላይ የቆመው የዝናብ መለኪያ ነው፤ ከሰማዩ ጋር ስለሱም ጻፉ እንጂ።

እና እባካችሁ፣ የአየር ሁኔታ ሰንጠረዣችሁ ላይ «ደሴ/ኮምቦልቻ» እያላችሁ አንድ ቁጥር አትስጡን፣ ለዩን። የተለካውንም ዝናብ በሚሊ ሜትር አውጡት። እናቴ «ትናንት ስንት እንደዘነበ ይንገሩኝ፣ የነገውን እኔ ጦሳን አይቼ አውቀዋለሁ» ብላለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ