እዳዬ ብትሏቸውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰኔ 27 በመጣ ቁጥር ወላጅ አልባ ሕፃናትን ስላሳደጉት ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና የሚወጣውን ጽሑፍ አንብቤ አልጠግብም። ያረፉት በ2013 ዓ.ም. በዚያች ቀን ነው። የ85 ዓመት እናት ነበሩ፤ ኮሮና ወሰደብን። ጽሑፎቹ ደግ ናቸው። ግን ብዙዎቹ ገና ከርዕሱ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ለማክበር ተብሎ እንደሆነ አይጠፋኝም። ያሳደጓቸው ልጆች ግን «እዳዬ» ነው የሚሏቸው።

ማዘር ቴሬዛ መነኩሲት ነበሩ፤ አስበውበት፣ ቃል ገብተው የገቡበት ሕይወት ነው። እዳዬ ግን ባለትዳርና ደሞዝተኛ ነበሩ። ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ጥራት ይቆጣጠሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄዱ እንጂ ሕፃናት ላሳድግ ብለው አልወጡም። አገሩን ረሃብ መትቶታል። የያዙትን ዳቦና ጸበል መንገድ ላይ ለወደቀው ሰው ማደል ጀመሩ። እዚያው አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። ሕፃኗን አነሱ። አጠገቧ በሞት አፋፍ ላይ ያለ አባት ደግሞ የእኔንም ልጅ አደራ አላቸው። እናቴም ግሸን ትሄድ ነበር፤ ስትመለስ ጸበልና እምነት ታመጣልናለች። እሳቸው ሁለት ልጅ ይዘው ተመለሱ።

በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው አልቻሉም፤ ምረጪ አሏቸው። እውነቱን ለመናገር በሰውየው መፍረድ ይከብደኛል። ሃያ አንድ ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ሲንጫጫ አስቡት! እሳቸው ግን ልጆቹን ይዘው ወጡ።

የገዛ ልጅነታቸውም ቀላል አልነበረም። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲሞቱ እሳቸው ገና አራስ ነበሩ፤ ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ።

ጽሑፎቻችሁ ቶሎ የሚያልፉት ደግሞ ገንዘቡን ነው። ለልጆቹ ያቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት ኋላ ትልቅ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም፣ የሙያ ሥልጠናውም፣ ሽልማቱም መጣ። መጀመሪያ ላይ ግን የነበረው ቆሎ ነው። ቆልተው፣ ጋግረው፣ ሸጠው ነበር የሚያበሏቸው። ቆሎ ቆልታ የምታውቅ ሴት ይገባታል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ከምጣዱ ፊት ዞር ካሉ ያርራል። ያ ሁሉ ተደክሞ ደግሞ የሚሸጠው በስኒ እየተሰፈረ ነው፤ ትርፉ ሳንቲም። በዚያ ሳንቲም 21 አፍ! እንዴት እንደሚብቃቃ እኔ አስቤም አልደርስበትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሰኔ ከፎቷቸው ሥር «እዳዬ» ብላችሁ ጻፉልን። ከተቻለም ያደጉትን ልጆች ፈልጋችሁ አነጋግሩልን። ዛሬ እነሱም የልጆች እናትና አባት ሆነዋል። የሽልማቱን ዝርዝር ተዉት፤ ቤት ውስጥ የነበረውን ጠይቋቸው። ሲያጠፉ እንዴት ይቆጧቸው ነበር? በዓል ሲመጣ ምን ይበሉ ነበር? እኔ በበኩሌ ያንን የመጀመሪያውን ክረምት ሁሉም የት እንደተኙ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ