የታሪክ ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ማን አየ? ማን ጻፈ?

ክበባችን ዓመቱን በ31 አባላት ጀምሮ በ23 ጨረሰ። ስምንቱ በጥቅምት ወደ ሚኒ ሚዲያ ተሻገሩ። እዚያ ማይክራፎን አለ። እኛ ጋ ያለው አቧራ የጠጣ ካርታ ነው። አልፈርድባቸውም።

ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ ያሰብኩት የዓድዋን ዘመቻ መንገድ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እስጢፋኖስ በእውነት የነበረ ሰው ነው?» ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ «እስጢፋኖስ ወራጅ አለ!» ብላ የምትወርድ ልጅ ናት። ስሙን እየጠራች የምትወርድበትን ሰው ማወቅ ፈለገች። ዓድዋ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ነው፤ ግቢ ውስጥ ሃይማኖት አይሰበክም። ስለዚህ ቀድሜ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «ታሪክ ከሆነ ቀጥሉ፤ ስብከት ከሆነ ከአጥር ውጭ» አሉኝ። ከአባላቱ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። አንድ ደንብ አወጣን። የትኛውም ታሪክ ሲነሳ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ማን አየ? ማን ጻፈ? ሰሌዳውም ሦስት ዓምድ ተከፈለለት፦ «ግምት»፣ «ምስክር»፣ «ወሬ»። ማመንና አለማመን የየቤቱ ጉዳይ ነው ተባባልን። ያ ደንብ ዓመቱን ሙሉ ያለ ጠብ አቆየን። አንዴ ብቻ ተጣልተናል፤ እሱም በወንበር ነው።

እስጢፋኖስ ያለው ሉቃስ በጻፈው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እና 7 ላይ ነው። ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውል ነው፤ ኋላ ጳውሎስ የተባለው። «ታዲያ ለሉቃስ የነገረው ጳውሎስ ይሆናላ!» አለ አንዱ። «ግምት» ሥር ጻፍነው። የጌታ ወንድም የተባለው ያዕቆብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምስክር አለው። ክርስቲያን ያልነበረው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ፣ ሊቀ ካህናቱ ሐናን እ.ኤ.አ. በ62 እንዳስወገረው ጽፏል። «የውጭ ምስክር ይበልጣል» ብለው ልጆቹ ኮከብ አደረጉበት።

አንድ ሐሙስ ሙሉውን ለቃላት ሰጠነው። የአማርኛ መምህራችን ሊረዱን መጡ። «ሰማዕት» ሥሩ «ሰምዐ» ነው። የሰማ ሰው ይመሰክራል። የግሪኩም ቃል መጀመሪያ ትርጉሙ ፍርድ ቤት የሚቆም ተራ ምስክር ነበር፤ ሞት የተጨመረበት ኋላ ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» በግሪክ የበላይ ተመልካች ማለት ነው። «ቀሲስ» ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሽማግሌ ማለት ነው። «ዲያቆን» አገልጋይ ነው። ከመካከላችን ሰንበት ላይ የሚቀድስ ዲያቆን አለ። ትርጉሙን ከሰማን በኋላ ወንበር የሚያነሳው እሱ እንዲሆን ተፈረደበት። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

ታኅሣሥ 24 ሐሙስ ዋለ። ብዙ ሰው ዕለቱን የሚያውቀው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው። የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ የያዘው ስንክሳር ግን በዚያው ቀን የአንጾኪያውን ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስንም ያነሳል። በቤተ ክርስቲያን «ምጥው ለአንበሳ» ይባላል፤ ለአንበሳ የተሰጠ። በሁለተኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ፣ በንጉሠ ነገሥት ትራጃን ጊዜ ተይዞ በወታደር ታጅቦ ወደ ሮም ተነዳ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ታስሮ እየሄደ ደብዳቤ መጻፉ ነው። ሰባት ደብዳቤ! አራቱን በመንገዱ ካለችው ከሰምርኔስ ከተማ፦ ለኤፌሶን፣ ለማግኔዥያ፣ ለትራሌስ፣ ለሮም። ሦስቱን ከጢሮአዳ፦ ለፊልድልፍያ፣ ለሰምርኔስ፣ እንዲሁም ለሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ለጶሊቃርጶስ። መንገዱን በተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሥለን በቀይ ክር አያያዝነው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተሰቅሏል።

ስለ ጠባቂዎቹ የጻፈው ልጆቹን በሳቅ ገደላቸው። አሥር ነብሮች ይላቸዋል፤ ደግ ሲደረግላቸው የሚብሱ። «ጉቦ በልተውም አልተሻሉም ማለት ነው» አለ አንዱ። ሳቁ ግን የሮሙ ደብዳቤ ላይ ቆመ። የሮም ክርስቲያኖች ሊያስፈቱት እንዳይሞክሩ ይለምናቸዋል። «የእግዚአብሔር ስንዴ ነኝ፤ በአራዊት ጥርስ እፈጫለሁ» ይላል። ሁለት ሐሙስ ተከራከርንበት። ጽናት ነው ያሉ አሉ። ሞት መናፈቅ ነው ያሉም አሉ። ከኋላ የተቀመጠች የ9ኛ ክፍል ልጅ «እናቱ ብሆን ደብዳቤውን እቀድደው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ አልተናገረም።

የኔን ስህተትም ልናገር። አግናጥዮስ ጌታ በልጅነቱ አንስቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ያቆመው ሕፃን ነው ብዬ አስተማርኳቸው። ከልጅነቴ የሰማሁት ነው። «ማን ጻፈ ቲቸር?» አሉኝ። ደብዳቤዎቹን አገላበጥን፤ የለም። ያለው ራሱን «ቴዎፎሮስ» ብሎ መጥራቱ ነው፤ እግዚአብሔርን የተሸከመ። በግሪክ ቃሉ የሚጠብቅበትን ቦታ ስታዛውረው «እግዚአብሔር የተሸከመው» ይሆናል። የሕፃኑ ታሪክ የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በተጻፉ ገድሎች ነው። ጠመኔውን ራሴ ይዤ «ወሬ» ሥር ጻፍኩት። ጭብጨባው ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር?

ደብዳቤዎቹ ጢሮአዳ ላይ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ጶሊቃርጶስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ይጽፋል። የጠየቁትን የአግናጥዮስን ደብዳቤዎች ግልባጭ እየላከላቸው ነው። መጨረሻ ላይ ግን እሱም ይጠይቃል፤ ስለ አግናጥዮስና አብረውት ስለነበሩት እርግጠኛ ነገር ከሰማችሁ ንገሩን ይላል። ወዳጁ ምን ላይ እንደደረሰ ገና አላወቀም። እንግዲህ ደብዳቤዎቹ እኛ ዘንድ የደረሱት የተጨነቁ ሰዎች ለሌሎች የተጨነቁ ሰዎች እየገለበጡ ስለላኩ ነው።

የጥር ወር በፈተና አለቀ።

በየካቲት የፍርድ ቤት ድራማ ሠራን። ፕሊኒ የተባለው የቢታንያና የጳንጦስ ሮማዊ አገረ ገዢ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለትራጃን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ክርስቲያኖችን እንዴት ልፍረድ፣ ስሙ ብቻ ወንጀል ነው ወይ ይላል። ሦስቴ እጠይቃቸዋለሁ፤ እምቢ ያሉትን እቀጣለሁ፤ የካዱት ለምስልህ ዕጣንና ወይን አቅርበው ክርስቶስን ይረግማሉ። ትራጃን መለሰለት፦ እያደንክ አትያዛቸው፣ ከተከሰሱ ቅጣ፣ ስም የሌለው ክስ አትቀበል። ጠበቃ ሆኖ የቆመው ልጃችን «ጥፋተኛ ከሆኑ ለምን አይታደኑም? ጥፋት ከሌለባቸው ለምን ይቀጣሉ?» አለ። ይህንኑ ክርክር የካርታጎው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ እ.ኤ.አ. በ197 ገደማ እንዳቀረበው ስነግረው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

ፕሊኒ እውነቱን ለማውጣት ብሎ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቷል። ሁለቱ በክርስቲያኖች ዘንድ አገልጋይ፣ ማለትም ዲያቆናት ይባሉ ነበር። ስማቸውን አልጻፈውም። ሴቶቹ ልጆቻችን ይህን ሲያዩ ተናደዱ። የካቲት 29 የሴቶች ቀን ነው። ቅዳሜ ስለዋለ በዓሉ ዓርብ ተከበረ። ሁለቱን ሴቶች መድረክ ላይ አወጧቸው። ስም ግን አልሰጧቸውም። ጸሐፊው «ስም?» ሲል ፕሊኒ እጁን ያወዛውዛል፤ ይታለፋል። ከታዳሚው ዝም ያላለው ከበሮ መቺው ብቻ ነበር።

ያው የካቲት 29 በስንክሳር የጶሊቃርጶስ ቀን ነው። ሐሙስ 27 ላይ የሞቱን ታሪክ አነበብን። የሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለፊልሜልዮም ቤተ ክርስቲያን የጻፈችው ደብዳቤ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 155 ገደማ። ሽማግሌው ሊይዙት ለመጡት ምግብና መጠጥ አስቀረበላቸው። የአንድ ሰዓት ጸሎት ለምኖ ሁለት ሰዓት ቆመ። ከሠረገላ ገፍትረው ሲያወርዱት ቅልጥሙ ተላጠ፤ ምንም እንዳልሆነ ፈጠን ብሎ ሄደ። «ጀግና ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ቅልጥሙን አይልጠውም» አለ ጠበቃችን። አገረ ገዢው «‹ከሓዲዎቹ ይጥፉ› በል» አለው። ጣዖት የሌላቸው ክርስቲያኖች በዘመኑ ከሓዲ ይባሉ ነበር። ጶሊቃርጶስ ወደ ተመልካቹ ሕዝብ እጁን ዘርግቶ «ከሓዲዎቹ ይጥፉ» አለ። ክርስቶስን እንዲሳደብ ሲጠየቅ ግን «86 ዓመት አገለገልኩት፤ ምንም አልበደለኝም። ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ብሎ መለሰ። እሳቱ እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ ከበበው ይላል ደብዳቤው። ይህ የትኛው ዓምድ ይግባ? ያዩ ሰዎች ጽፈውታል። ብዙ ከተባለ በኋላ በ«ምስክር» እና በ«ወሬ» መካከል ባለው መስመር ላይ ተጻፈ።

የዓመቱ ምርጥ ግኝት የመጣው ከቀኑ ነው። ደብዳቤው የሞተበትን ዕለት ይናገራል፦ ከሮማውያን ማርች መባቻ በፊት ሰባተኛው ቀን። ሒሳብ የሚወድ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሰባት ቀንሶ ፌብሩዋሪ 22 አገኘ። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር መስከረም 1 በተራ ዓመት ኦገስት 29 ነው። ከዚያ ቢቆጥር የካቲት 28 ሆነበት። በአንድ ቀን ሳተ! ተበሳጨ። ከጎኑ ያለችው «የዛሬ ስምንት ስንል ሰባት ቀን አይደል? ዛሬን እንቆጥራለን» አለችው። ሮማውያንም እንደዚያው መነሻውን ይቆጥሩ ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ሆነ። የካቲት 29። ስንክሳሩና ደብዳቤው ገጠሙ። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ዘለለ፤ ጠረጴዛው ተሰበረ። የንብረት ክፍል ይህን ካነበበ ተጠግኗል።

የሮሙን ኤጲስ ቆጶስ ቀሌምንጦስን በቶሎ አለፍነው። ለቆሮንቶስ የጻፈው ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ልጆቹ ደከማቸው። በስሙ የሚጠራው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ቀሌምንጦስ ከዚህ ደብዳቤ የተለየ መሆኑን ተነጋግረን ዘጋነው።

በግንቦት የጶሊቃርጶስን ታሪክ በእጅ ገለበጥን። ምክንያቱ የደብዳቤው ግርጌ ነው። ጋይዮስ የሚባል ሰው የጶሊቃርጶስ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከሄሬኔዎስ ቅጂ ገለበጥኩት ይላል። ሌላው በቆሮንቶስ ከጋይዮስ ቅጂ ገለበጥኩ ይላል። አንዲት ሙስሊም ተማሪያችን «ይሄማ እንደ ሐዲስ ሰነድ ነው፤ እገሌ ከእገሌ ሰማ» አለች። ልክ ናት። ሄሬኔዎስ ልጅ ሆኖ ጶሊቃርጶስ ተቀምጦ ያስተምርበት የነበረውን ቦታ እንኳ ከቅርቡ ነገር ይልቅ እንደሚያስታውስ ጽፏል። ገባኝ። እኔም የቤቴን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም፤ የአንደኛ ክፍል መምህሬን ጫማ ግን አልረሳም።

ወንበር አንሺው ዲያቆናችን ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ግርጌ አስታወሰን፦ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ»፤ ለጻፈውና ላስጻፈው። ሁሉም የራሱን ግርጌ ጻፈ። «ከእገሊት ደብተር ገለበጥኩ፤ እሷ ከቲቸር ወረቀት።» ቅጂዎቹ በሰኔ ተጠርዘው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። የመጀመሪያው ገጽ የዚያች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የመጨረሻው ግርጌ በሌላ ሰው እስክሪብቶ ነው፦ «መብራት ስለጠፋ በስልክ ብርሃን ተጻፈ። ስህተት ካለ ይታረም።» የማን እንደሆነ እስካሁን ያመነ የለም።