ቤዝቦልን ጄኔራል ደብልደይ አልፈጠሩትም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ ቤዝቦል (ኳስ በዱላ መትቶ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ስለሚሮጥበት ጨዋታ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ በትምህርት ቤቷ የሶፍትቦል (የቤዝቦል የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨዋታ) ቡድን ውስጥ ስለምትጫወት፣ እሷ ስለምትወደው ነገር በአማርኛ ተጽፎ ማየታችን ሁለታችንንም አስደስቶን ነበር። ጽሑፉ ግን ገና ከመነሻው፣ ጨዋታውን በ1839 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በኩፐርስታውን የፈጠሩት ጄኔራል አብነር ደብልደይ ናቸው ይላል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ እውነት ስላልሆነ እንድታርሙት ለመጠየቅ ነው የምጽፈው።

ስህተቱ ከእናንተ እንዳልጀመረ አውቃለሁ። የጀመረው እንዲህ እንደ እኔ ለጋዜጣ አዘጋጅ ከተላከ ደብዳቤ ነው። በ1905 የስፖርት ዕቃ ነጋዴው አልበርት ስፓልዲንግ የቤዝቦልን ምንጭ የሚያጣራ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረጉ። እንግሊዝ የተወለዱት አንጋፋ የስፖርት ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ፣ ቤዝቦል «ራውንደርስ» ከሚባለው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የወጣ ነው ሲሉ ስፓልዲንግ አልተዋጠላቸውም፤ ጨዋታው ከሥሩ አሜሪካዊ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ኦሃዮ ውስጥ በአክሮን ከተማ የነበሩት የማዕድን መሐንዲስ አብነር ግሬቭስ ለከተማው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጨዋታውን የፈጠሩት ደብልደይ ናቸው፣ የሆነውም ኩፐርስታውን ነው አሉ። ጋዜጣው አተመው። በአብርሃም ሚልስ ሊቀ መንበርነት የሚመራው ያ ኮሚሽንም በታኅሣሥ 1907 መጨረሻ ይህንኑ ቃል የመጨረሻ ውሳኔው አድርጎ አወጣው።

ግሬቭስ በ1839 የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የጻፉትም ከ66 ዓመት በኋላ ነው። ደብልደይ በዚያ ዓመት የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ተማሪ ነበሩ። በ1893 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስለ ጦርነት ትዝታቸው ጽፈዋል፤ ቤዝቦልን ፈጠርሁ ያሉበት ግን የለም። ሊቀ መንበሩ ሚልስ ራሳቸው ጄኔራሉን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ከወዳጃቸው አንደበት ያልሰሙትን ከአንድ ደብዳቤ መቀበላቸው ያሳዝነኛል። በ1939 የቤዝቦል የዝነኞች ቤተ መዘክር ኩፐርስታውን ላይ የተከፈተውም የዚህን ታሪክ መቶኛ ዓመት ለማክበር ነው። ደብልደይ ግን በቤተ መዘክሩ የክብር መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ አልገቡም።

እውነተኛው ታሪክ በዕድሜ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በ1744 ጆን ኒውቤሪ ለንደን ውስጥ ለልጆች ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ላይ «ቤዝ-ቦል» የሚል ርእስ ያለው ግጥም አለ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ልጁ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ይበርራል፣ ከዚያም በደስታ ወደ ቤቱ ይመለሳል ይላል። የዛሬው ተጫዋች ዙሩን የሚጨርስበት ማረፊያም «ቤት» ነው የሚባለው፤ ቃሉ ከዚያ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም። ከግጥሙ በላይ ባለው ሥዕል ልጆች በየምሰሶው አጠገብ ቆመዋል። ዱላ ግን አይታይም። ስለዚህ በጥንቱ የእንግሊዝ ጨዋታ ኳሷ በእጅ መዳፍም ትመታ እንደነበር የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ። በ1749 የወጣ የለንደን ጋዜጣ ደግሞ የዌልስ ልዑል ፍሬደሪክ በሰሪ አውራጃ ይህንኑ ጨዋታ እንደተጫወቱ ይዘግባል። የአልጋ ወራሽና የሕፃናት ጨዋታ አንድ ነበር ማለት ነው።

ዱላውን በዝርዝር የምናገኘው ጀርመን ውስጥ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ዮሐን ጉትስሙትስ በ1796 ባሳተሙት የጨዋታዎች መጽሐፍ «የእንግሊዙን ቤዝ-ቦል» ደንቡን ሳይቀር ጽፈውታል። ወርዋሪው አምስት ወይም ስድስት እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ መቺው ሦስት ጊዜ የመሞከር ዕድል አለው፤ ከመታ በኋላ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል። ይህ የታተመው ደብልደይ ከመወለዳቸው በፊት ነው።

አሜሪካም ብትሆን ኩፐርስታውንን አልጠበቀችም። በ1791 የማሳቹሴትሷ ፒትስፊልድ ከተማ ከአዲሱ የስብሰባና የጸሎት ቤት በ80 ያርድ ክልል ውስጥ ማንም ሰው ቤዝቦልም ሆነ ሌላ የኳስ ጨዋታ እንዳይጫወት ከልክላለች። ምክንያቱ የመስኮቱ መስተዋት ነበር። ለእኔ ከማንኛውም ኮሚሽን ውሳኔ ይህች የመስኮት ሕግ ትበልጥብኛለች። መስተዋት እስኪያሰጋ ድረስ ጨዋታው በከተማዋ ተስፋፍቶ ነበርና፤ የከተማ ሹማምንትም ማንም የማይጫወተውን ጨዋታ በሕግ አይከለክሉም።

እርማቱን ስትጽፉ ግን የቻድዊክን ቃል እንዳለ እንዳትወስዱት አደራ። «ራውንደርስ» የሚለው ስም በጨዋታ ደንብነት ታትሞ የሚገኘው በ1828 ነው፤ «ቤዝ-ቦል» ደግሞ በ1744። ልጅ ከአባቱ በፊት አይወለድም። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ቢባል ይቀላል። በቤተሰቡ ውስጥ የላም አላቢ ልጃገረዶች በፋሲካ ሰሞን ይጫወቱት የነበረው «ስቱልቦል» አለ፤ በርጩማ እንደ ዒላማ ይቆምና አንዷ ስትወረውር ሌላዋ ትከላከላለች። ኳሷ ከእንጨት ወጥመድ ላይ ፈንጥራ ስትነሣ የምትመታበት ጨዋታም አለ።

ዱላና ኳስ በታየበት ሁሉ ግን ዝምድና መፈለግ አይገባም። ግብፅ ውስጥ በዴር ኤል ባህሪ ፈርዖን ቱትሞስ 3ኛ ሐቶር በምትባለው የግብፆች አምላክ ፊት በዱላ ኳስ ሲመታ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። ሥርዓተ አምልኮ ነው፤ የሚሮጥበት ማረፊያ የለውም። እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆችም አንዳንዴ ቤዝቦል የገና ጨዋታችን ልጅ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ገናን ተጫውቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እየተባለ ክርኔ ቆስሎ ያውቃል። በገና ሁለቱም ወገን ሩሯን እኩል ያሳድዳል፤ ተራ ጠብቆ የሚመታ የለም፣ ሮጦ የሚጠለልበት ማረፊያም የለም። የቤዝቦልን ቤተሰብ የሚለየው ደግሞ ይኸው ማረፊያው ነው። ገናችን ያለዚህ ዝምድናም በራሱ ታላቅ ጨዋታ ነው።

ዘመናዊው ቤዝቦል መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። የኒውዮርኩ ኒከርቦከር ክለብ በ1845 ደንቡን ሲጽፍ፣ ሯጩን በኳስ መትቶ ከጨዋታ ማስወጣትን አስቀረ። ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዘጠኝ ዙርና በማረፊያዎች መካከል የ90 ጫማ ርቀት የተወሰነው ደግሞ በ1857 በክለቦች ጉባኤ ነው። አንድ ፈጣሪ የለውም።

ልጄን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የነካት ሌላ ነው። ዊልያም ብሬይ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በ1755፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ በእንግሊዝ አገር በጊልድፎርድ አካባቢ የዋለውን በዕለት ማስታወሻው አስፍሯል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ከምሳ በኋላ ሚስ ጄል ቤት ቤዝቦል ሊጫወት ሄደ፤ ሻይ ጠጥተው እስከ ሁለት ሰዓት ማታ ቆዩ። አብረውት የተጫወቱትን በስም ዘርዝሯል። ልጄ በጣቷ እየቆጠረች ስድስቱ ወይዛዝርት መሆናቸውን አገኘች። ሶፍትቦል ለሴቶች ተብሎ ከወንዶች ቤዝቦል የተቀነሰ ጨዋታ ይመስላት ነበር፤ ሌላ ሰውም እንዲሁ ሲላት ኖሯል። በማስታወሻው ውስጥ ግን ሴቶቹ ተመልካች አይደሉም፣ ቁጥራቸውም ከወንዶቹ ይበልጣል፣ የጨዋታው ቤትም የአንዷ ነው።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ የለንደኑ የ1744 መጽሐፍና የ1755ቱ ማስታወሻ ብቻ ቢጠቀሱ ይበቃኛል። ልጄ ደግሞ የሚስ ጄል ስም እንዳይቀር ብላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ