ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ልክ ለደብረ ማርቆስ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የጀመርሁት ቡሬ ላይ ካርቡራቶር በማጠብ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ወጣቶች ባለ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ያለው) መኪናቸውን እየነዱ መጥተው «ኮምፒውተሩን ክፈትና ጉልበት ጨምርበት» ማለታቸው ነው። አራቱም የሞተሩን ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀይር የተዘጋጀ ፋይል ከማያውቁት ሰው ገዝተው በስልካቸው ይዘዋል። አራቱንም መለስኋቸው። ምክንያቱን ቆሞ የሰማኝ አንዱ ብቻ ስለሆነ ለቀሩት በጋዜጣችሁ በኩል ልንገራቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት የእህቴ ባል ባለ 2000 ሲሲ ሱባሩ ፎረስተር ገዛ፤ ቤንዚን፣ ባለ ቱርቦ። እኔም እንዲህ ያለውን ፋይል ከአንድ ሻጭ ገዛሁና በራሴ እጅ ጫንሁበት። መኪናዋ ሁለት ሳምንት በረረች። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዓባይን ተሻግሮ የደጀንን ዳገት ጀመረ። ወደ አናቱ ሲጠጋ፣ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሞተሩ ወጣ። ደጀን ሲገባ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ነበር።

በማግሥቱ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታሁ። በአንደኛው ካንዴላ ነጭ ሸክላ ላይ ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ፣ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተጣብቀዋል። ወደ ፀሐይ አዙሬ ብዙ አየሁት። ከፒስተኑ አናት ቀልጦ የተረጨ አሉሚኒየም ነበር። ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት ደግሞ በአንደኛውና በሁለተኛው ፋሻ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) መካከል ያለው የፒስተኑ ጠርዝ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተሰብሮ ወጥቷል። የጥገናውን ወጪ እኔ ቻልሁት። እህቴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ ቤቷ ለመሄድ አፈርሁ።

ምን ሆነ? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሚሆነው የአየር ግፊት እኛ ዘንድ 76 ገደማ ነው። ፋይሉን ለባሕር ጠረፍ ያዘጋጀው ሰው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጠቅላላ ግፊት 181 እንዲደርስ አዝዟል። እዚያ ቱርቦው አየሩን 1.8 ጊዜ ቢያምቅ ትእዛዙን ይፈጽማል። እዚህ ግን 2.4 ጊዜ ማመቅ አለበት። ፋብሪካው ይህን አስቀድሞ አስቦበት፣ ከፍታ ሲጨምር የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የገዛሁት ፋይል ያን ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ አድርጎታል። ዜሮዎቹን ያየኋቸው ሞተሩ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ከልኩ በላይ ሲያስሮጡት አየሩን ከመጠን በላይ ያግለዋል። አየሩ ሲግል ደግሞ ካንዴላው እሳት ከሰጠ በኋላ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያ የጠጠር ድምፅ ይህ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የምንገዛው ላይ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ነገሩ ይብሳል፤ ነጭ ጋዝ ግፊትና ሙቀት አይችልም፣ ቶሎ ይፈነዳል።

ከዚያ ወዲያ ነው ከሀ ብዬ መማር የጀመርሁት፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ። ሮምሬደር የሚባል ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ የሱባሩን ኮምፒውተር ሠንጠረዦች ገልጦ ያሳያል። ልጄ ከምታጠናው የማባዣ ሠንጠረዥ ብዙም አይለይም። በአንዱ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን የተሸከመው ጭነት አለ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ፒስተኑ አናት ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ ይናገራል። ለሦስት ወር አንዲት ቁጥር አልነካሁም። ማንበብና መመዝገብ ብቻ ነበር ሥራዬ።

የእህቴ ባል ያንኑ መኪና መልሶ ሰጠኝ፤ ይህን ውለታውን አልረሳውም። እርሱ እየነዳ፣ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከደጀን ወደ ዓባይ ወረድን። በየመታጠፊያው ሞተር እያጠፋን፣ ቁልፉን ብቻ ከፍተን የግፊቱን ቁጥር አነበብሁ። 76፣ 79፣ 83። ድልድዩ ጋ ስንደርስ 90 ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስመላለስበት ሙቀቱን እንጂ የአየሩን ክብደት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ዳዶ በይጄ የአየሩንና የቤንዚኑን ልክ በትክክል የሚለካ የኦክስጅን ሴንሰር አሰርሁ። መኪናው በዝግታ ሲሄድ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ነው፤ ቱርቦው ሲገፋ ግን ወደ 11.5 መውረድ አለበት። ትርፍ ቤንዚኑ ያቀዘቅዛል። ይህን ሳይለኩ የእሳቱን ዲግሪ መንካት ዓይንን ጨፍኖ ቢላ መሳል ነው። መጨረሻ ላይ የቱርቦውን ግፊት ዝቅ፣ እሳቱን ሁለት ዲግሪ ወደ ኋላ አደረግሁ፤ የከፍታ ሠንጠረዡንም ወደ ቦታው መለስሁት። ፋይሉ ሲጻፍ ኃይል ቢቋረጥ የመኪናው ኮምፒውተር ግማሽ ላይ ስለሚቀር ሁለተኛ ባትሪ ሳላያይዝ አልጽፍም። መኪናዋ አሁን ያኔ በገዛሁት ፋይል የነበራትን ጉልበት የላትም። የደጀንን ዳገት ግን ሙሉ ጭነት ይዛ ያለ አንዳች ኮሽታ ትወጣለች።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን መኖራቸው ነው። ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ ይህን ትምህርት በማታ መርሐ ግብር ለጋራዥ ሠራተኞችም ይክፈቱልን። ሁለተኛው፣ በክልላችን አንድ ቦታ እንኳ መኪና ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት መሣሪያ ይተከል። እኔ እስካሁን የምለካው ማለዳ በአውራ ጎዳና ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነው። ባለፈው ኅዳር ከጉም ውስጥ አንዲት እናት ሁለት አህያ እየነዱ ብቅ አሉብኝ፤ ፍሬን ይዤ ቆምሁ፤ እጄ ግን እስከ ጋራዥ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሕዝብ መንገድ ላይ መሠራት የሌለበት ሥራ ነው።

የተሰበረው ፒስተን ከነካንዴላው ጋራዤ መደርደሪያ ላይ አለ። ማስታወሻ ደብተሬም ሁለት ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል፤ ከፍታው፣ ግፊቱ፣ ዲግሪው፣ ቤንዚኑ የተቀዳበት ማደያ ሳይቀር ተጽፎበታል። ማስተማሪያ የሚያደርገው ኮሌጅ ካለ ፎቶ ኮፒውን በራሴ ወጪ አስነሥቼ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መካኒክ
ከደብረ ማርቆስ