ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ግራም አንብቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በስፖርትና መዝናኛ ገጻችሁ፣ ከባሕር ዳርቻ ቆሞ ባስ የተባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ማባበያ ስለማጥመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ርዕስ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ይሁን እንጂ ዘንግ መምረጥን በተመለከተ፣ ገዢው አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ረጅምና ጠንካራ ዘንግ ቢይዝ እንደማይሳሳት የሚገልጸውን አንቀጽ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም፤ ይኸው እምነት እዚህ ጅማ ውስጥ የእኔን ጨምሮ የብዙ ሰው ገንዘብ ያስበላ ነውና።

ስለ ነገሩ የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ለስድስት ዓመታት በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዋል ስኖር ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ይህንኑ ዓሣ ሳሳድድ ከርሜያለሁ። ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህም ሲመቸኝ ቅዳሜና እሑድን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ወጥቼ በግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር አሳልፋለሁ።

ባስ የሚለው ስም ለተለያዩ ዓሦች ስለሚሰጥ አንባቢ እንዳይደናገር ይህን ልለይ። ባለ ሰፊ አፉ የአሜሪካ ባስ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰው እጅ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ተሻግሮ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ገብቷል። ጽሑፋችሁ የሚያወራው ግን ስለ አውሮፓው የባሕር ባስ ነው። ይህኛው በእንግሊዝ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ጠረፎች፣ ማዕበል በሚሰበርበት ቦታ፣ በድንጋያማ ዳርቻና ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ እየዞረ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ያድናል። ለዘንግ ምርጫ የሚጠቅመን ስለ እርሱ ሁለት ነገር ማወቅ ነው። አንደኛ፣ ምግቡን ፍለጋ ወደ ዳር በጣም ይጠጋል፤ ማዕበል በሚያናውጠው፣ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ፣ ከቆምኩበት 15 ርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ደጋግሜ ይዤዋለሁ። ሁለተኛ፣ ከዳር የሚያዘው አብዛኛው ከሁለት ኪሎ የማይበልጥ ነው፤ ርዝመቱ ከ42 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነም በሕግ ወደ ባሕር መመለስ አለበት። እንግዲህ ሩቅ ያልሆነንና ግዙፍ ያልሆነን ዓሣ ለመያዝ በጣም ረጅምና በጣም ጠንካራ ዘንግ ለምን እንደሚያስፈልግ ጽሑፉ አላስረዳም።

በደህና ዘንግ ላይ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው ርዝመቱ ሲሆን በጫማ ወይም በሜትር ይሰፍራል። ሁለተኛው ዘንጉ እንዲወረውር የተሠራለት የማባበያ ክብደት ነው፤ ለምሳሌ ከ10 እስከ 35 ግራም ይላል። ገዢ አስቀድሞ ማንበብ ያለበት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ በአውንስ የተጻፈ ካጋጠመው አንዱን አውንስ 28 ግራም ገደማ አድርጎ ያስላው። የዘንግ ሥራ ከቀስት ሥራ ጋር ይመሳሰላል፦ ወደ ኋላ ስንስበው ከጫፉ የተንጠለጠለው ማባበያ በክብደቱ ያጎብጠዋል፣ ወደ ፊት ስንልከው ደግሞ የጎበጠው ሲቃና ማባበያውን አስፈንጥሮ ይሰደዋል። ክር ለሚያሰጥም 100 ግራም የእርሳስ ብረት የተሠራ ዘንግ 15 ግራም ማባበያ ሲንጠለጠልበት መንጠልጠሉንም አያውቀውም። ዘንጉ ስለማይጎብጥ የሚወረውረው ክንዳችን ብቻ ይሆናል፤ ክንድ ብቻውን ደግሞ የትም አያደርስም።

የባስ አጥማጆች ከዳር የሚወረውሯቸው ማባበያዎች አብዛኞቹ ከ10 እስከ 30 ግራም የሚመዝኑ ናቸው። በውሃው ገጽ ላይ እየተወላገደ የሚሄደው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ጠለቅ ሳይል የሚዋኘው 12 ወይም 14 ሴንቲ ሜትር የሆነው የዓሣ አምሳያ፣ መንጠቆው በሆዱ ተደብቆ በባሕር አረም መካከል ሳይጠለፍ የሚያልፈው ለስላሳ ጎማ፣ ሁሉም በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚያ የሚከብደው ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ የሚወጣው የብረት ማባበያ ነው። ስለዚህ ከ10 እስከ 35 ወይም እስከ 40 ግራም የሚል ዘንግ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ዘንግ ከተጻፈለት ክልል መካከሉ ላይ ወይም ከመካከሉ ጥቂት ከፍ ባለው ክብደት ይበልጥ ይሠራል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን እንደነገሩ ነው።

ጥንካሬ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያሳስት በራሴ ደርሶብኛል። ከተመለስኩ በኋላ ያመጣሁት ዘንግ በመኪና በር ተቀርጥፎብኝ ሌላ ፍለጋ እዚሁ ከተማችን ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። የቀረበልኝ እየተመዘዘ የሚረዝም፣ 3 ሜትር ከ60 የሆነ ዘንግ ነበር። ግራሙ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው መዘዘና አንድ እጁን እጀታው ላይ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ አድርጎ ክብ እስኪመስል አጎበጠው። «ይኸው ጋሼ፣ ዓሣ አይደለም አዞ ያወጣል!» አለኝ። እኔም ማወቅ ሲገባኝ ሳቅሁና ከፈልኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ዓሣ ሳይነካው፣ ገና በውርወራ ላይ እያለ ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀጭ አለ። ካርቦን ዘንግ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። ክር በዘንጉ ላይ በተደረደሩት ቀለበቶች ውስጥ አልፎ ሲስበው ጫናው ወደ ወፍራሙ ክፍል ይወርዳል፤ ጫፉን በእጅ ይዞ ማጉበጥ ግን ጫናውን ሁሉ በቀጭኑ ላይ ያከማቸዋል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ይተውበታል። የጅማ ሰው በርጩማ ሲገዛ ተቀምጦበት፣ ወዝውዞና አንኳኩቶ ነው፤ ይህን ልማዳችንን ወደ ዘንግ ስናዛውር ነው የምንጠፋው። ዘንግ የሚፈተነው ክር በቀለበቶቹ አሳልፎ፣ ጫፉ ላይ 20 ግራም ያህል ነገር አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ በማወዛወዝ ነው። ሌላ ነገር ከጠፋ ሁለት የቤት ቁልፍ ይበቃል። ቁልፎቹ ሲወዛወዙ የዘንጉ የላይኛው ክፍል አብሮ ከተነቀነቀ ለዚያ ክብደት ተሠርቷል፤ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ ከቆመ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለእኛ አይሆንም።

ርዝመትን በተመለከተ የጽሑፉ አዘጋጅ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ያቀላቀለ ይመስለኛል። ትል ወይም የዓሣ ሥጋ በመንጠቆ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ሩቅ ወርውሮ፣ ዘንጉን በማቆሚያ ላይ አስደግፎ የሚጠብቅ ሰው ከ3 ሜትር ከ60 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይጠቀማል፤ ያደርስለታልም። በማባበያ የሚያጠምድ ሰው ግን ዘንጉን ከእጁ አያወርድም። በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት መቶ ጊዜ ይወረውራል፣ በእያንዳንዱ ውርወራም የእጁን አንጓ እያንቀሳቀሰ ማባበያውን ሕይወት ያለው ያስመስለዋል። ለእርሱ በዘንጉ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 50 ግራም እኩለ ቀን ላይ በትከሻው ይታወቀዋል። በኮርንዋል ድንጋያማ ዳርቻ ላይ የብዙዎቻችን ምርጫ ከ8 ጫማ ተኩል እስከ 9 ጫማ ተኩል፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ60 እስከ 2 ሜትር ከ90 ነበር፤ ይህ ርዝመት ክሩን ከፊታችን ካለው ድንጋይና ከሚሰበረው ማዕበል በላይ ለማንሳት ይበቃል። ጸጥ ባለው የወንዝ አፍ ላይ 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ44 እንኳ አይጎድልም። እጀታውም ከርዝመቱ ጋር አብሮ መታየት አለበት፦ የዘንጉን ታች በክርንዎ ላይ ሲያስጠጉ ሪሉ፣ ማለትም የክሩ መጠቅለያ፣ የሚታሰርበት ቦታ ከመዳፍዎ ጋር ከተገናኘ ልክዎ ነው፤ ከክርን አልፎ ከሄደ በየውርወራው ካፖርት ይጠልፋል።

የጫፉ ጠባይ በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ አልተነሳም። ከላይኛው ሩብ ላይ ብቻ የሚጎብጥ ፈጣን ጫፍ ያለው ዘንግ ለለስላሳው ጎማና በውሃ ገጽ ላይ ለሚሄደው ማባበያ ይመቻል፣ ምክንያቱም የእጅ እንቅስቃሴን ሳያዘገይ ያደርሳል። ሦስት ጫፍ ያላቸው ትንንሽ መንጠቆዎች በተንጠለጠሉበት ጠንካራ ማባበያ ለሚያጠምድ ግን እስከ ወገቡ የሚጎብጥ፣ ለዘብ ያለ ዘንግ ይሻላል። ባስ ሲያዝ ራሱን በኃይል ያራግፋል፤ ድርቅ ያለ ዘንግ በዚያች ቅጽበት መንጠቆውን ከአፉ ያስለቅቀዋል። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ ብዙ ዓሣ ያመለጠኝ በድርቅ ያለው ዘንግ ስለሆነ፣ ለዘብ ያለውን እወስዳለሁ።

ሪሉ 3000 ወይም 4000 የሚል የመጠን ቁጥር ያለው፣ ክሩ የተገመደ ቀጭን ክር፣ ጫፉ ላይም 9 ኪሎ ገደማ የሚችል ፍሎሮካርቦን የተባለው፣ በውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። የተገመደ ክር ተራ የብረት ቀለበትን ቀስ በቀስ ቦይ አውጥቶ ስለሚበላው፣ ቀለበቶቹ ውስጣቸው በጠንካራ ሴራሚክ የተለበጠ መሆኑን ማየት ግን መዘንጋት የለበትም፤ በጥጥ ሲጠረጉ ጥጡ ከተያዘ አንዱ ቀለበት ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለጅማ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። የባሕር ባስ በጊቤ ውሃ ውስጥ የለም፤ ከዚያ የምናወጣው ቆሮሶና ቢልጫ ነው። ቆሮሶ በዋናነት አልጌ ስለሚመገብ ማባበያ ብዙም አይከተልም፤ ቢልጫ ግን የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ቅጠል ያለበትን ማባበያ ሲያገኝ ያሳድዳል፣ ውሃው በደለል ሲደፈርስ እንኳ ንዝረቱን ተከትሎ ይመጣል። የማባበያው ክብደት ከ5 እስከ 12 ግራም ስለሆነ ዘንጉም ከ5 እስከ 20 ግራም የሚል መሆን አለበት። ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በመሆኑ የውሃው ከፍታ እንደየወሩ ይለዋወጣል። ክረምቱ ሲያበቃ ውሃው እስከ ቁጥቋጦው ስለሚደርስ የምንቆመው በቅርንጫፍ መካከል ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ2 ሜትር ከ40 የሚበልጥ ዘንግ ለመወርወር ሳይሆን ቅጠል ለማራገፍ ነው የሚያገለግለው። የባሕር ጨው ስለሌለብንም ዝገት እንዳይነካው ለተሠራ ውድ ብረት ትርፍ ገንዘብ ማውጣት አይገባንም።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴን ልጅ ይዤው ሄጄ ነበር። እርሱ 3 ሜትር ከ60 የሆነ የራሱን ዘንግ ይዟል፣ እኔ 2 ሜትር ከ10 የሆነ፣ ከእርሱ ዘንግ አጠገብ መጫወቻ የሚመስል ይዣለሁ። ሁለታችንም ያሰርነው አንድ ዓይነት፣ 8 ግራም ማባበያ ነበር። የእርሱ በሙሉ ጉልበቱ ተወርውሮ ከፊታችን ካለው ሣር ጥቂት አለፍ ብሎ ጠብ አለ፤ የእኔ የእርሱን ሦስት እጥፍ ያህል ሄደ። «ጋሼ፣ ክርህ ነው ወይስ ሪልህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘንጎቹን ተቀያየርንና የእርሱ ሩቅ ሄደ፣ የእኔ እግሬ ስር ወደቀ። ያን ዕለት በእኔ ዘንግ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ አንድ ቢልጫ ይዞ ለቀቀው፤ የራሱን ዘንግ ግን እስከ ማታ አልነካውም።

አንድ ነገር ለጽሑፉ መመስከር አለብኝ። ባሮ ወይም ጫሞ ወርዶ ከመቶ ኪሎ ሊያልፍ የሚችለውን ናይል ፐርች የሚያጠምድ ሰው በእርግጥ ከበድ ያለ ዘንግ ያስፈልገዋል፤ እርሱም ቢሆን የሚገዛው የሚወረውረውን 60 ወይም 80 ግራም ማባበያ አስቦ ነው እንጂ ዘንጉ ስለጠነከረ አይደለም።

ጥሩ ዘንግ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙዎቻችን የምናስመጣው ውጭ ባለ ዘመድ እጅ ነው። ለዘመድ «ጠንካራ ዘንግ ላክልኝ» ብሎ መጻፍ፣ የእግር ቁጥርን ሳይናገሩ ጫማ እንደ ማዘዝ ነው። ርዝመቱ፣ ግራሙና የቁራጮቹ ብዛት ይጻፍለት። ለሁለት የሚከፈል 9 ጫማ ዘንግ ሲታጠፍ 1 ሜትር ከ37 ስለሚሆን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በአውሮፕላን ጣቢያም ያጨቃጭቃል፤ ለአራት የሚከፈለው ግን 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ከልብስ መካከል ይተኛል። ቀድሞ መገጣጠሚያው የዘንጉን ጉብጠት ያበላሻል ይባል ነበር፤ በኋላ የተሠሩትን ይዤ ልዩነቱን በእጄ መለየት አቅቶኛል።

ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው አጥማጅ ዘንጉን የያዘው ቁጥሮቹ በተጻፉበት ቦታ ላይ ስለሆነ መዳፉ ግራሙን ሸፍኖታል። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ዘንግ ስታወጡ እጁን ጥቂት ዝቅ አድርጎ እንዲይዝላችሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከጅማ