ካቫውን ከኬኩ አርቀው

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መጀመሪያ የጠፋው ማን እንደሆነ አንቆጣጠር፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። በስልክ «አለህ?» «አለሁ» ተባብሎ መተው ስለሰለቸኝ እንደ ድሮው ልጻፍልህ ብዬ ነው። እኔ ያው ባርሴሎና ነኝ። ኪራይ ይጨምራል፣ ልጆቹም እኔ እንዳልሰማቸው ሲፈልጉ በካታላን ያወራሉ።

እህትህ የልጇን የምርቃት ፎቶ ልካልኝ አየሁት። እንኳን ደስ አላችሁ! ግን ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ የገባው ሌላ ነገር ነው። ያ ጠርሙስ ካቫ የሚሉት የስፔን አረፋማ ወይን ነው፣ ያውም ብሩት፣ ስኳሩ ትንሽ የሆነው። አጠገቡ ደግሞ ክሬም የተከመረበት ኬክ! ሁሉም አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ «ይኮመጥጣል» ብሎ እንደተወው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። ጣፋጭ በልተህ ብሩት ብትጠጣ ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው የሚቀርህ።

አገሩ እኮ እዚሁ ቅርባችን ነው። ሳንት ሳዱርኒ ዳኖያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ኮዶርኒዩ የሚባለው የወይን አምራች ቤት ሰው ጆሴፕ ራቬንቶስ በ1872 የፈረንሳዮቹን የሻምፓኝ አሠራር ያመጣው እዚያ ነው። ወይኑ አንዴ ከፈላ በኋላ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላል። ጋዙ መውጫ የለውም፤ አረፋው ከዚያ ነው። ከዚያ ከእርሾው ጋር ቢያንስ 9 ወር ይተኛል። ሬዘርቫ የሚሉት 18 ወር፣ ግራን ሬዘርቫ ደግሞ 30 ወር። ብዙ የቆየው ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ማካቤኦ፣ ሻሬሎና ፓሬያዳ የሚባሉት የአገሬው የወይን ፍሬዎች ናቸው ዋናዎቹ።

የሚስማማው ጨውና ዘይት ነው። ዓሣ ላይ ሎሚ እንደምንጨምቀው በለው፤ ኮምጣጣነቱና አረፋው ቅባቱን ከአፍ ያጥበዋል። እዚህ መጀመሪያ የሚያቀርቡልህ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ነው። አንተና እኔ እሱን እናልፈዋለን፤ ብዙም አይጎዳንም። በጨው የደረቀ ዓሣ አለ፣ ባካላዎ ይሉታል። ዘፍዝፈው ጨዉን ያወጡለትና በሊጥ አቡክተው፣ አድቦልቡለው ይጠብሱታል። የእነሱ የጾም ምግብ ነው። ትኩሱን ከቀዝቃዛ ካቫ ጋር ስትበላ ወሬ ታቆማለህ። ጨው ያለው ለውዝ፣ ወይራ፣ የድንችና የእንቁላል ቶርቲያ፣ ቲማቲም ታሽቶበት የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦም አሪፍ ነው። ግራን ሬዘርቫ ካገኘህ ለተጠበሰ ዶሮ አስቀምጠው።

ለዶሮ ወጥ ግን አደራ! በርበሬውና አረፋው ሲገናኙ ምላስህን ያነዱታል። የምስር ሳምቡሳ ያለ ብዙ ቃሪያ ከሆነ ግን ቤቴ ሞክሬው እንግዶቼ ሳህኑን አጽድተውልኛል።

ኬክ የግድ ነው ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብብ። ብሩት በሊትር እስከ 12 ግራም ስኳር ነው ያለው። ሴሚ ሴኮ ከ32 እስከ 50 ይደርሳል፣ ዱልሴ ከዚያም ያልፋል። ለኬክ እነዚህን ግዛ። ብሩት ናቱሬ የሚለውንማ ኬክ አጠገብ አታድርሰው፤ ስኳር አይጨመርበትም።

ስትከፍተው ደግሞ እንደ ስፖርተኞቹ አትናጠው። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዘው፣ ቡሹን በአንድ እጅህ ጥብቅ አድርገህ ያዝና ጠርሙሱን ቀስ እያልክ አዙረው። ጣሪያ መምታት ለፎቶ ያምር ይሆናል፣ ግማሹ ግን ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው ልጅ መቼ ነው የሚመረቀው? ቀኑን ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ጠርሙሱን እኔ አመጣለሁ፣ ሳምቡሳው የእህትህ ነው። ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ያንተው